ጠመንጃ በአዋጅ

ሐምሌ 18 ቀን 2013 ዓ.ም. የአማራ ክልል ርዕሰ መስተዳድር የነበሩት አገኘሁ ተሻገር፣ የመንግሥትም ሆነ የግል መሣሪያ ያለው ሁሉ እንዲዘምት የክተት ጥሪ አደረጉ። በ11ኛው ቀን የላስታዋ ከተማ ላሊበላ በትግራይ ኃይሎች እጅ ገባች። ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የታወጀው አገር አቀፍ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ደግሞ ነገሩን በሕግ ቋንቋ አሰፈረው፤ ዕድሜው የደረሰና መሣሪያ ያለው ሰው ሠልጥኖ እንዲሰለፍ፣ ካልቻለም መሣሪያውን ለሚችል እንዲያስረክብ ማዘዝ ተፈቀደ። በዚያው ሰሞን የአዲስ አበባ ነዋሪ መሣሪያውን በ2 ቀን ውስጥ አስመዝግቦ ሰፈሩን በተራ እንዲጠብቅ ተነገረው።

መታጠቅን በሕግ ማዘዝ ሌላም አገር አለ፤ አሜሪካ ውስጥ፣ ጆርጂያ በምትባለው ግዛት፣ ኬነሶ የምትባል ከተማ በ1974 ዓ.ም. እያንዳንዱ አባወራ ጠመንጃና ጥይት ቤቱ እንዲያኖር የሚያስገድድ ደንብ አውጥታለች። ምክንያቱ ወንጀለኛን ማስፈራት ነው ተባለ። እውነቱን ለመናገር ግን፣ ሞርተን ግሮቭ የተባለች ሌላ ከተማ ሽጉጥ ስለከለከለች የተሰጠ የእልህ መልስ ነበር። ድሃው፣ አካል ጉዳተኛው፣ ሃይማኖቱ የማይፈቅድለት፣ በከባድ ወንጀል የተቀጣው ሁሉ ከግዴታው ነፃ ነው፤ ደንቡን ተላለፍክ ተብሎ የተቀጣም የለም። ይህ ሐሳብ አልፎ አልፎ ወደኛም ይመጣል። «እያንዳንዱ ቤት ክላሽ ቢኖረው ማን ይደፍረን ነበር?» የሚል ሰው በላስታ ጠላ ቤት ማግኘት አይቸግርም።

ችግሩ፣ ላስታ ይህን ነገር ከኬነሶ በፊት ታውቀዋለች። በንጉሡ ዘመን የዘማች መሬት የያዘ ገበሬ ክተት ሲባል ስንቁንም መሣሪያውንም ራሱ ችሎ መነሳት ነበረበት፤ ካልተነሳ መሬቱ ለሌላ ይሰጣል። በደርግ ጊዜ ጠመንጃው የመንግሥት ሆነ፤ የገበሬ ማኅበሩ ሚሊሻ መለመለ፤ በ1969 ዓ.ም. እስከ 300 ሺህ የሚገመት የገበሬ ሠራዊት በታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥኖ ወደ ምሥራቅና ወደ ሰሜን ተላከ። ከዚያም የ2013ቱ ጥሪ መጣ። በእነዚህ ሁሉ ገበሬው እንዲታጠቅ የተፈለገው የበሬ ሌባ እንዲያባርር አልነበረም። መንግሥት ሰው ስለቸገረው ነው። ዘመቻው ሲያልቅ ደግሞ ያው ጠመንጃ ሥጋት ይሆንና ትጥቅ ፍታ ይባላል። በ2015 ዓ.ም. መጋቢት ማብቂያ የክልል ልዩ ኃይሎች እንዲበተኑ ተወሰነ፤ ሐምሌ ላይ የአማራ ታጣቂው ፋኖ ላሊበላን ያዘ፤ ሐምሌ 28 ሌላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ፤ ከቀናት በኋላ መከላከያ ከተማዋን መልሶ ተቆጣጠረ።

ታዲያ ሌባውን ማን ያስፈራው ነበር? እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል፤ ምክንያቱም ደጋው የራሱ የሆነ ግዴታ ነበረው፤ ከጠመንጃም ይበልጥ የሚያስፈራ። በሬ ሲሰረቅ ወይም ክምር ሲቃጠል አፈርሳታ ይጠራል። አገሬው ወንድ ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል። ዳኛውና ሽማግሌዎቹ አንድ ወገን ይቀመጣሉ፤ ሰዉ ተራ በተራ እየቀረበ ይምላል፤ የሰማው ነገር ካለ «ወፍ ነገረችኝ» ብሎ ያንሾካሹካል። ማን እንደተናገረ አይወጣም። እህሉ ሳይታጨድ፣ ከብቱ ጠባቂ አጥቶ ቢውልም ወንጀለኛው እስኪታወቅ የሚበተን የለም። ካልታወቀ የተሰረቀውን ዋጋ አገሬው አዋጥቶ ይከፍላል። እንግዲህ ጎረቤትህ ሌባ መሆኑን እያወቅህ ዝም ብትል ከኪስህ ይወጣል። ይህ ሥርዓት ጉድለት አልነበረውም አልልም፤ ደካማውን መወንጀል፣ ቂም መወጣት፣ ለሥራ የሚሆን ቀን ማባከን ነበረበት። ግን ያስገደደው ዕቃ መግዛትን ሳይሆን መገኘትንና መናገርን ነው።

ጠመንጃ ቤት ውስጥ ሲገባ ሌላ ነገር ይዞ ይገባል። ክላሹ በጨርቅ ተጠቅልሎ መደብ ሥር ይተኛል፤ ዝናሩ ምሰሶው ላይ ይንጠለጠላል፤ ለሠርግና ለለቅሶ ይወጣል። በድንበር ወይም በውኃ ተራ ነገር የተነሳ ቀን ግን በዱላ ያልቅ የነበረው ጠብ ሬሳ ያስነሳል፤ ሬሳው ደም መላሽ ያስነሳል። ከዚያ በኋላ ሥራው የሽማግሌዎች ነው፤ በወሎ አበጋሮቹ ክርስቲያኑንም እስላሙንም ይዘው ደም ለማድረቅ ደጅ ይጠናሉ፣ ካሳ ይቆርጣሉ። ጠመንጃ የገዛው ሰው በሬውን ሸጦ ነው የገዛው፤ ለካሳው ደግሞ ሁለተኛውን በሬ ይሸጣል። ሁሉም ቤት በሕግ ይታጠቅ የሚል ሰው ይህን ሒሳብ ማን እንደሚከፍለው ቢነግረን ደግ ነበር። ባሏ የሞተባት ሴት ትግዛ? በሴፍቲኔት እርዳታ የሚኖረውስ?

ኢትዮጵያ ያወጣችው ሕግ ተቃራኒውን መንገድ ይዟል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያን በፈቃድ የሚያዝ ነገር እንጂ መብትም ግዴታም አያደርገውም፤ መታጠቅ ባህል በሆነበት አካባቢ ያለውም ተመዝግቦ ፈቃድ እንዲያወጣ ጊዜ ሰጥቶ ነበር። በእኔ እምነት አቅጣጫው ትክክል ነው። ያልታደለው ጊዜው ነው፤ አዋጁ በወጣ በዓመቱ ውስጥ የትግራይ ጦርነት ተጀመረ፤ ያስመዝግብ የተባለው ገበሬ ይዞ እንዲዘምት ተጠራ።

ለላሊበላ ነገሩ የእንጀራም ጉዳይ ነው። ለገና የሚመጣው ምእመንና የውጭ ጎብኚ ነው አስጎብኚውን፣ ሆቴሉን፣ በቅሎ አከራዩን የሚያኖረው፤ የተኩስ ወሬ ሲሰማ ደግሞ ሁለቱም ይቀራሉ። የከተማው ሰው መሣሪያ እንዲቆጠር ቢፈልግ አይገርምም። ግን ከሐምሌ 2013 እስከ ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ባሉት ሁለት ዓመታት ከተማዋ ቢያንስ ስድስት ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፋለች። ክላሹን ላስመዝግብ ብሎ ወደ ወረዳ የሚሄድ ገበሬ ስሙ የሰፈረበት መዝገብ በመጪው ክረምት በማን ጠረጴዛ ላይ እንደሚገኝ ያስባል፤ ይህን እስኪያውቅም መሣሪያው ከመደብ ሥር አይወጣም።