ጠራዥ ስትፈልጉ ስለ ክሩ ጠይቁ

አሰላ ላይ «መጽሐፍ የሚጠርዝልኝ ሰው አለ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ወደ ፎቶኮፒ ቤት ይመራል። የዩኒቨርሲቲ ከተማ ስለሆነች ፎቶኮፒ ቤቶቹ የመመረቂያ ጽሑፍ መጠረዝ ለምደዋል፦ ወረቀቱ ይደረደራል፣ በጎኑ ይበሳል ወይም ጀርባው ኮላ ይቀባል፣ ጠንካራ ሽፋን ይለጠፍና ጠርዙ በማሽን ይላጫል። ሁለት ሦስት ጊዜ ተገልጦ መደርደሪያ ላይ ለሚከርም ጽሑፍ ይህ በቂ ነው። ለዓመታት የተሰበሰቡ የቤት መጻሕፍትን ግን በዚህ መንገድ ማሳለፍ እነሱን ማበላሸት ነው እላለሁ።

ምክንያቱ ያለው ከመጽሐፉ ጀርባ ነው። በወጉ የተሠራ መጽሐፍ ትልቅ ሉሕ ስምንት ወይም አሥራ ስድስት ገጽ እንዲወጣው ታጥፎ፣ በእጥፋቱ መሐል በክር ተሰፍቶ፣ እጥፋቶቹ እርስ በርስ ተያይዘው የሚቆም ነው። አንዷ እጥፋት ጥራዝ ትባላለች (ከዚህም ከዚያም ቃርሞ ሊቅ ነኝ የሚለውን «ጥራዝ ነጠቅ» ስንል የምናማው በእሷ ነው)። ጀርባውን ከራስጌ በኩል ተመልከቱ፤ ትንንሽ ቅስቶች ተደርድረው ከታዩ የተሰፋ ነው፣ ቀጥ ብሎ የተላጨ ከሆነ ግን ያቆመው ኮላ ብቻ ነው። ማሽኑ ጀርባውን ሲላጭ እጥፋቱ ይሄዳል፤ እጥፋት ከሄደ ደግሞ በወጉ የሚሰፋበት ቦታ የለም። በጎን መብሳትም የውስጡን ኅዳግ ስለሚበላ መጽሐፉ ተገልጦ አይተኛም። አንባቢው በጉልበት ይከፍተዋል፣ ያረጀው ወረቀትም ክሩ ላይ ይቀደዳል።

«የእኛ ደጓሾች የሚያውቁት ብራና ነው፣ ለወረቀት አይሆኑም» የሚል ሰው ግማሽ እውነት ይዟል። ብራና ጅማትና ወፍራም ክር ይችላል፤ የኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ያሳተመው የደርግ ዘመን ልብ ወለድ አይችልም። መርሁ ግን አንድ ነው። የአገራችን የብራና መጽሐፍ በእጥፋቱ ተሰፍቶ ክሩ ከእንጨት ገበታው ጋር ይያያዛል፤ ቆዳውና ድጉሱ የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ክሩ ቢበጠስ ቅጠሉ ሳይጎዳ ተፈትቶ እንደገና ይሰፋል። አድዋ አጠገብ ያሉት የአባ ገሪማ ገዳም ወንጌሎች ብራናቸው በካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ይገመታል፤ ያን ያህል ኖረው ካገኛቸው ጉዳት አንዱ ቀደም ሲል የተደረገላቸው ሻካራ ጥገና ነው። እንግሊዛዊው ጠራዥ ሌስተር ኬፐን የጠገናቸው ገዳሙ ድረስ ሄዶ ነው፤ መጻሕፍቱ ከቦታቸው አልወጡም።

«በእጥፋቱ የሚሰፋ ጠራዥ አሰላ የለም» ለሚለው ሐረርን አነሣለሁ። እ.ኤ.አ. በ1855 ከተማዋን ያየው ሪቻርድ በርተን የሐረርን ጥረዛ በጥንካሬና በውበት ከፋርስ በቀር የሚበልጠው የምሥራቅ አገር የለም ብሎ ጽፏል። ጥበቡ በኋላ ተዳከመ። መልሰው ያስነሡት በግል ስብስባቸው ሙዚየም ያቋቋሙት አብዱላሂ ሸሪፍ ናቸው፤ አሮጌ ጥራዞችን እያጠኑ። የስብስቡ ባለቤት ጠራዥ ባጣበት ቦታ ጠራዥ አፍርቷል ማለት ነው። አርሲም የፈረስ አገር ናት፣ ቆዳ የሚሰፋ እጅ አይታጣባትም። ለእሱ መንገር የሚያስፈልገው ቀጭን ክር እንዲይዝና በእጥፋቱ እንዲሰፋ ነው።

አዲስ አበባ መላክም ይቻላል፤ መንገዱ 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ችግሩ ከጠራዡ ጋር ፊት ለፊት ሳይነጋገሩ ሥራ ማስረከብ ነው። ፒዲኤፍ እያለ ለምን ትደክማላችሁ የሚሉም አሉ (ቴሌግራም ላይ ይህን መስማት አይገርምም)። ፒዲኤፍ ጽሑፉን ይተካ ይሆናል፤ የቀድሞ ባለቤት በኅዳጉ የጻፈውን፣ የመጀመሪያውን ሽፋንና ወረቀቱን ግን ከስንት አንድ ቢይዝ ነው።

ጠራዥ ሲመረጥ መጀመሪያ የማይቆጭ አሮጌ የተማሪ መጽሐፍ ይሰጠው። ጠርዙን ከመላጨቱ በፊት ከጠየቀ ጥሩ ምልክት ነው። በምን እንደሚለጥፍ ይጠየቅ፤ ከስንዴ ዱቄት የተሠራ ልጥፍ በውሃ ርሶ ይላቀቃል፣ የአናጺ ነጭ ኮላ ከደረቀ ግን ወረቀቱን ይዞ ነው የሚነሣው። ሥራው ሲመለስ መሐሉን ገልጦ ጠረጴዛ ላይ መተው ነው፤ ሳይያዝ ከተኛና የውስጡ ፊደል ሁሉ ከተነበበ ሌላውን ማስከተል ይቻላል። ወረቀቱ እንደ ደረቅ ቅጠል የሚሰበር ከሆነ ደግሞ መርፌ ባይነካው ይሻላል። ለእሱ በልኩ ማኅደር ይሰፋለት፣ በአሰላ ክረምትም ከእርጥብ ግድግዳ ራቅ ብሎ ይቀመጥ።