ስም ያለው ስደተኛ

የእርዳታ መዝገብ ሰውን በቁጥር ያውቀዋል፤ ይህን ያህል አባወራ፣ ይህን ያህል ሕፃን፣ ይህን ያህል ኩንታል እህል ይላል። መዝገቡ አስፈላጊ ነው፤ ያለ እርሱ እህሉ በትክክል አይታደልም። ይሁን እንጂ አንድ ወጣት ከቤቱ ለምን እንደ ወጣ፣ በመንገድ ምን እንደ ደረሰበትና ዛሬ ራሱን ማን ነኝ እንደሚል መዝገቡ አይነግረንም። ይህን ሊነግረን የሚችለው ስደተኛው ራሱ ነው። ብዙ ወጣቶችም በሥዕል፣ በግጥምና በፊልም ነግረውናል።

ከእነዚህ አንዱ የአዲስ አበባው ተወላጅ ዳግማዊ ይመር ነው። ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ አገሩን ለቅቆ፣ የሱዳንንና የሊቢያን በረሃ አቋርጦ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ላምፔዱሳ ከምትባለው የኢጣሊያ ደሴት በጀልባ ደረሰ። ሮም ሳለ ከሌሎች ስደተኞች ጋር የፊልም ሥራ ተማረ። እ.ኤ.አ. በ2008 ከኢጣሊያውያን ባልደረቦቹ ጋር ባወጣው ፊልም፣ በሊቢያ ያለፉ ኢትዮጵያውያን እንዴት እንደ ታሰሩ፣ በኮንቴይነር ታጭቀው እንደ ተጓዙና ለደላሎች እንደ ተሸጡ በገዛ አንደበታቸው ይመሰክራሉ። ጠያቂውም ተጠያቂውም የአንድ መንገድ ሰዎች ስለ ሆኑ፣ ለባዕድ የማይነገረው ሁሉ ተነገረ።

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 3 ቀን 2013 ከላምፔዱሳ አጠገብ አንድ ጀልባ ሰጥሞ ከ360 በላይ ሰዎች አለቁ፤ አብዛኞቹ ኤርትራውያን ነበሩ። ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ2015 ለእነርሱ መታሰቢያ የሚሆን አጭር ፊልም ሠርቶ «አስማት» ብሎ ሰየመው፤ በግዕዝ «ስሞች» ማለት ነው። ፊልሙ የሟቾቹን ስም ይጠራል። ዜናው ቁጥር ያደረጋቸውን፣ እርሱ ወላጅ ስም ያወጣላቸው ልጆች መሆናቸውን አስታወሰ።

ይህ ለመንዝ፣ ለግሼና ለመርሐቤቴ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በዚህም አገር መርዶ ሲመጣ አልቃሽ የሟቹን ስም፣ ዘሩንና ሙያውን በግጥም ታነሣለች፤ አስከሬኑ በሩቅ አገር ቢቀርም ለቅሶው አይቀርም። የአካባቢው ወጣቶች መሬቱ እየጠበባቸው ወደ ደብረ ብርሃን፣ ወደ አዲስ አበባ፣ አንዳንዶቹም ወደ ዓረብ አገሮች ይሄዳሉ። በሌላ በኩል ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከወለጋ የተፈናቀሉ ብዙ ሺህ ሰዎች በደብረ ብርሃን ተጠልለዋል። ወለጋ ተወልዶ ያደገ ልጅ፣ አይቶት ወደማያውቀው ደጋ መጥቶ «አገሬ ወዴት ነው?» ቢል አይደንቅም። ለዚህ ጥያቄ ቅጽ አልተዘጋጀለትም፤ ወረቀትና ቀለም፣ ወይም አንድ የእንጉርጉሮ ግጥም ግን መውጫ ሊሆነው ይችላል።

እንግዲህ የፕሮጀክት ሠራተኞችና ምእመናን ምን እናድርግ? በመጀመሪያ፣ ወጣቱ ሳይገደድ፣ በለመደው ቋንቋና በመረጠው መንገድ እንዲናገር ጊዜና ቦታ እንስጠው። ቁስሉን እየነካካን አንጠይቀው፤ ስለ መከራው ብቻ ሳይሆን ስለ ጨዋታው፣ ስለ ሙያውና ስለ ተስፋውም ሊነግረን ይወድ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ሥራው የእርሱ ነው። ፈቃዱን ሳንጠይቅ ሥዕሉን በጽሑፎቻችን አናትም፤ ፊቱንና ስሙን የማውጣት ወይም የመሰወር መብቱም የራሱ ነው። በአሻጋሪ ደላላ እጅ የወደቀ ዘመድ ያለው ሰው ስሙ መውጣቱን ሊፈራ ይችላልና። ሦስተኛ፣ የተናገረውን ሰምተን ዝም አንበል። መሬት ያጣ መሬትን፣ የተራበም እንጀራን ይሻል፤ ሥዕል የእነዚህ ምትክ አይሆንም።

ሆኖም እንጀራውን የምንሰጠው ለማን እንደ ሆነ ማወቅ ይገባናል። ስሙን ያወቅነውን ሰው ምን እንደሚያስፈልገው ልንጠይቀው እንችላለን፤ በቁጥር ብቻ የምናውቀውን ግን ገምተን ከመስጠት አናልፍም።