የናይሮቢው ውል እና አምስቱ ቀለበቶች

[ሙዚቃ ከፍ ብሎ ቀስ እያለ ይወርዳል]

ተራኪ፦ ከላይ ሰማያዊ፣ ጥቁርና ቀይ፤ ከሥራቸው ቢጫና አረንጓዴ። እ.ኤ.አ. በ1913 ፒየር ደ ኩበርታን የነደፏቸው እነዚህ የተያያዙ ቀለበቶች በኦሊምፒክ ጨዋታ ላይ መጀመሪያ የተውለበለቡት በ1920 አንትወርፕ ላይ ነው። ዝናቸው እያደገ ሲሄድ ነጋዴው ሁሉ በዕቃው ላይ ሊለጥፋቸው ተመኘ።

[የስቴዲየም ሁካታ]

ተራኪ፦ ይህን የሚከለክለው ዓለም አቀፍ ውል የተፈረመው ጄኔቫ ወይም ሎዛን አይደለም፤ እዚሁ ጎረቤታችን ናይሮቢ ነው፤ መስከረም 16 ቀን 1974 ዓ.ም.፣ በደመራ ዕለት። በውሉ የገባ አገር ያለ ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ፈቃድ ቀለበቶቹን በንግድ ምልክትነት አይመዘግብም፤ የተመዘገበም ካለ ይሰርዛል፤ ለንግድ መጠቀምንም ይከለክላል። ቀድሞ የተገኘ መብት ግን አይነካም። ስለ ኦሊምፒክ የሚዘግብ ጋዜጠኛም ምልክቱን እንዳያሳይ ውሉ አያስገድድም።

ሥራ ላይ እንዲውል ሦስት አገሮች ይበቁ ነበር። ሦስቱም አፍሪካውያን ሆኑ፦ ኬንያ፣ ኢኳቶሪያል ጊኒ እና ኢትዮጵያ። መስከረም 15 ቀን 1975 ዓ.ም. ውሉ ጸና። ምሩፅ ይፍጠር ሞስኮ ላይ ሁለት ወርቅ ካጠለቀ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር።

አሜሪካና እንግሊዝ በውሉ አልገቡም፤ የየራሳቸውን ሕግ አወጡ፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1978፣ እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1995። የእንግሊዙ ጠንከር ይላል። ከለንደን 2012 በፊት፣ የጀልባ ውድድሩ በተሰናዳባት በዌይማውዝ ከተማ፣ አንድ ሥጋ ሻጭ በቋሊማ የተሠሩ አምስት ቀለበቶች የሚያሳይ ሰሌዳ ከሱቁ ላይ ቢሰቅል አውርድ ተባለ። ሕጉ ሳይከፍል ስፖንሰር መስሎ ለመታየት የሚሞክረውን ትልቅ ኩባንያ ይያዝ፤ የሰፈር ሉካንዳ ላይ መዝመት ግን ልክ አይመስለኝም።

[ሙዚቃ ይቀየራል]

ተራኪ፦ ለእኔ የናይሮቢው ውል ልቡ ሦስተኛው አንቀጽ ነው። ዓለም አቀፉ ኮሚቴ በአንድ አገር ውስጥ ምልክቱን የመጠቀም ፈቃድ ሲሰጥ ከሚያገኘው ገቢ የዚያ አገር ብሔራዊ ኮሚቴ ድርሻ እንዲኖረው ሁለቱ ኮሚቴዎች ይስማማሉ። ስምምነት እስከሌለ ድረስ አገሩ ግዴታውን አቁሞ ማቆየት ይችላል። ሳታካፍሉን ዘብ አንቆምላችሁም እንደማለት ነው፤ ተገቢም ነው። ቀለበቶቹን ውድ ያደረጓቸው፣ በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ እንደሮጠው አበበ ቢቂላ ያሉ አትሌቶች ናቸውና።

ድርሻው ስንት ይሁን የሚለውን ግን ውሉ አልጻፈም፤ ለሁለቱ ኮሚቴዎች ድርድር ተወው። አቅሙ ደካማ ለሆነ ብሔራዊ ኮሚቴ ዝቅተኛው መጠን እዚያው በቁጥር ተጽፎ ቢሆን ይሻል ነበር።