አንድ ወታደር በልጦ አቻ መውጣት

በክለብ ደረጃ ባሉ የቼዝ ውድድሮች፣ ሦስት አራት ሰዓት ተፋልመው፣ ንግሥቱም ፈረሱም ተበላልቶ፣ ሰሌዳው ላይ ሁለት ንጉሦችና አንድ ወታደር ብቻ ሲቀሩ ማየት የተለመደ ነው። ወታደር የተረፈለት ሰው ያሸነፈ ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ ግን ግማሽ ነጥብ ይዞ ይነሳል፤ ያስቆጫል፣ ምክንያቱም አጨራረሱ በአንድ ምሽት የሚለመድ ነገር ነው።

ነጩ ንጉሥ ኢ5 ላይ፣ ወታደሩ ከኋላው ኢ4 ላይ፣ ጥቁሩ ንጉሥ ኢ7 ላይ ናቸው እንበል። ንጉሦቹ አንድ ባዶ ቤት መሃል አድርገው ተፋጠዋል። ተራው የጥቁር ከሆነ ነጭ ያሸንፋል፤ ጥቁር ወደ ዲ7 ሲል ነጩ ንጉሥ በኤፍ6 ገብቶ ለወታደሩ መንገድ ይከፍትለታል፣ ወታደሩም 8ኛው ረድፍ ደርሶ ንግሥት ይሆናል። ተራው የነጭ ከሆነ ግን አቻ ነው። ወደ ዲ5 ቢሄድ ጥቁሩ ዲ7 ላይ፣ ወደ ኤፍ5 ቢሄድ ኤፍ7 ላይ ይጠብቀዋል። በቼዝ ተራ ማለፍ አይቻልም።

አሁን ወታደሩ ኢ3 ላይ ቢሆን ኖሮስ? ነጭ ወደ ኢ4 አንድ ቤት ይገፋውና ተራው ወደ ጥቁር ይዞራል፤ ነጭ አሸነፈ ማለት ነው። ስለዚህ ንጉሡ ይቅደም፣ ወታደሩ ይቆይ። ቀድሞ በችኮላ የተገፋ ወታደር ይህችን ትርፍ ተራ ከንቱ ያስቀራል።

ችኮላው የሚመጣው ከሰዓቱ ነው። በብዙ ውድድሮች ለእያንዳንዱ ተጫዋች 90 ደቂቃ ይሰጠዋል፣ በየእንቅስቃሴው 30 ሰከንድ ይጨመርለታል። መጨረሻው ላይ 90ው አልቆ በ30 ሰከንዷ ብቻ ይጫወታሉ። እጅ ሳያስብ ወደ ወታደሩ ይዘረጋል፤ የዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን ሕግ ደግሞ ሆን ብሎ የነካ ማንቀሳቀስ እስከቻለ ድረስ ያንኑ ያንቀሳቅስ ይላል። ቢጸጸትም መመለሻ የለውም።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። የተረፈው ወታደር በሰሌዳው ጠርዝ፣ ማለትም በኤ ወይም በኤች አምድ ላይ ከሆነና ጥቁሩ ንጉሥ ወታደሩ የሚነግሥበትን የጥግ ቤት ቀድሞ ከያዘ፣ ተራው የማንም ይሁን የማን አቻ ነው። ስለዚህ የመጨረሻዎቹን ግንቦች ከመቀያየር በፊት የትኛው ወታደር እንደሚቀር ማየት ያስፈልጋል።