ከቦርሳው ያልወጣው ወረቀት
ልጆቻችንና የበረዶ ሸርተቴ ጉዞ

ሰኔ ሲገባ አገር ቤት ክረምት ነው፤ ሜልበርንም ክረምት ነው። ወሩ ይግጠም እንጂ ክረምቱ ለየቅል ነው። እዚያ ዝናብና ጭቃ፣ እዚህ ደግሞ ከከተማው በስተምሥራቅ በሚገኙት ተራሮች ላይ በረዶ። በዚህ ወቅት ሰንሻይን ዌስት ውስጥ በብዙ የሐበሻ ቤት አንድ ነገር በየዓመቱ ይደገማል። ልጁ ከትምህርት ቤት ይመለሳል፤ ቦርሳውን በር ሥር ጥሎ ወደ ክፍሉ ይገባል። ቦርሳው ውስጥ፣ በምሳ ዕቃውና በደብተሩ መካከል የታጠፈ፣ ወላጅ ሊፈርምበት የሚገባ ወረቀት አለ። ስለ በረዶ ሸርተቴ ጉዞ የሚናገር ነው፤ ቀኑን፣ የሚያስፈልገውን ልብስና የሚከፈለውን ገንዘብ ይዘረዝራል።

ልጁ ግን ወረቀቱን አያወጣውም። አባቱ ሌሊቱን ታክሲ ሲነዳ አድሮ ጠዋት እንደሚተኛ፣ እናቱ በአረጋውያን መጦሪያ ፈረቃ ደርባ እንደምትሠራ፣ በየወሩም አገር ቤት ላሉት አያቱ ገንዘብ እንደሚላክ ያውቃል። መምህሩ ሲጠይቀው "እኔ ብርድ አልወድም" ብሎ ይመልሳል። መምህሩም ያምነዋል። ከአፍሪካ የመጣ ልጅ ብርድ ባይወድ ማን ይደነቃል?

ነገሩ በዚህ ያለቀ ይመስላል፤ ነገር ግን አላለቀም። ጓደኞቹ ሄደው ሲመለሱ ማን እንደወደቀ፣ ማን ማታ ሲያስቅ እንዳመሸ፣ የትኛው መምህር በረዶ እንደተወረወረበት ለሳምንታት ያወራሉ። እሱ ዳር ሆኖ ያዳምጣል። እንዲህ ያለ ጉዞ ከስፖርትነቱ ይልቅ ባልንጀርነት የሚያዝበት ነውና የቀረ ልጅ የቀረበት በረዶው ብቻ አይደለም። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ወላጆቹን ከሐፍረት ለማዳን ሲል የሚፈልገውን ነገር አልፈልግም ማለትን መልመዱ ነው።

በእርግጥ ወረቀቱ ከቦርሳው የወጣም እንደሆነ ሁልጊዜ አይፈረምበትም። "በገዛ ገንዘቤ የልጄን እግር ላሰብር?" የሚል አባት አለ። ብርድ ይመታታል፣ ሌሊቱን ከማን ጋር ታድራለች፣ ምን ትበላለች ብላ የምትጨነቅ እናትም አለች። ይህ ጭንቀት የሚናቅ አይደለም፤ ተገቢውን መልስ ማግኘት ግን ይገባዋል።

በረዶ ለእኛ ባዕድ ነውን?

ብዙዎቻችን በረዶ የፈረንጅ ነገር ይመስለናል። ይሁን እንጂ በስድስተኛው መቶ ዘመን ኮስማስ የተባለው ነጋዴ አዱሊስ ወደብ ላይ አግኝቶ የገለበጠው የአንድ የአክሱም ንጉሥ ጽሑፍ፣ የንጉሡ ጦር ወደ ሰሜን ተራሮች በዘመተ ጊዜ እስከ ጉልበት የሚያሰምጥ በረዶ እንደነበረበት ይናገራል። ዛሬም ቢሆን በራስ ዳሸን ከፍታ አመዳይ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ሸርተቴ የሚለውም ቃል የራሳችን ነው። በልጅነቱ ከዳገት ላይ በቂጡ ሸርተቴ ተጫውቶ ሱሪውን ቀዶ ያልተገረፈ ስንቱ ነው?

ለዚህ ጉዳይ ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ ግን የሮቤል ተክለማርያም ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ የተወለደው ሮቤል ገና በልጅነቱ ወደ አሜሪካ ሄደ። በኒውዮርክ ክፍለ ግዛት በሌክ ፕላሲድ አካባቢ በሚገኝ አዳሪ ትምህርት ቤት ሲማር የበረዶ ሸርተቴን አወቀ፤ ኋላም በኒው ሃምፕሻየር ዩኒቨርሲቲ ተወዳዳሪ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2006 በቱሪን የክረምት ኦሊምፒክ በአገር አቋራጭ የበረዶ ሸርተቴ ሲሰለፍ በክረምት ኦሊምፒክ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነበር። በ2010 ደግሞ በቫንኩቨር ተሰለፈ። በሁለቱም ጊዜ የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዞ የገባው እሱ ብቻውን ነው። በረዶ በሌለበት አገር መንኮራኩር በተገጠመለት ሸርተቴ አስፋልት ላይ ይለማመድ ነበር። ሜዳሊያ አላገኘም፤ ቁም ነገሩም እሱ አይደለም። ቁም ነገሩ አንድ ትምህርት ቤት አንድን የአዲስ አበባ ልጅ በረዶ ላይ ማውጣቱ ነው።

የአውስትራሊያም በረዶ ቢሆን የስደተኛ ታሪክ ያለበት ነው። በኒው ሳውዝ ዌልስ ተራሮች ኪያንድራ በተባለው የወርቅ መንደር እ.ኤ.አ. በ1861 ሸርተቴን ያስለመዱት የኖርዌይ ቆፋሪዎች እንደሆኑ ይነገራል። በ1957 የተመሠረተውን የትሬድቦ መዝናኛም ካቋቋሙት መካከል የኦስትሪያና የቼኮዝሎቫኪያ ስደተኞች ይገኙበታል። እነርሱም በዘመናቸው ስማቸው የማይያዝ፣ ቋንቋቸው የሚሰበር መጤዎች ነበሩ። እንግዲህ በረዶው የነባሩ ሕዝብ ብቻ ነው የሚያሰኝ ምክንያት የለም።

የገንዘቡ ነገር

ሰንሻይን ስሙን ያገኘው ከማኬይ የእርሻ መሣሪያ ፋብሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 ዳኛ ሂጊንስ በዚህ ፋብሪካ ጉዳይ በሰጡት ፍርድ፣ ሙያ የሌለው ሠራተኛ ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን ይዞ በልኩ ለመኖር በቀን ቢያንስ ሰባት ሺሊንግ ሊከፈለው ይገባል አሉ። ይህ መለኪያ ለብዙ አሥርተ ዓመታት የአውስትራሊያ ዝቅተኛ ደመወዝ መሠረት ሆኗል። ዳኛው የጠየቁት አሠሪው ስንት መክፈል ይፈልጋል ብለው ሳይሆን፣ ሰው በሠለጠነ ኅብረተሰብ ውስጥ እንደ ሰው ለመኖር ምን ያስፈልገዋል ብለው ነበር። ያ ጥያቄ ዛሬም እያንዳንዱ ወላጅ ሒሳቡን በሚሠራበት ጠረጴዛ ላይ አለ። ኪራይ፣ መብራት፣ ቤንዚን፣ ወደ አገር ቤት የሚላክ፤ ከዚያስ የልጁ ጉዞ?

እዚህ ላይ ብዙ ወገኖቻችን የማይጠቀሙበት መብት አለ። የቪክቶሪያ መንግሥት ከ2015 ጀምሮ ለካምፕ፣ ለስፖርትና ለሽርሽር የሚውል ፈንድ አቋቁሟል። ሄልዝ ኬር ካርድ ወይም የጡረተኛ ካርድ ያለው ወላጅ በልጁ ትምህርት ቤት ቢሮ ፎርም ሞልቶ ሊያመለክት ይችላል። ጥገኝነት ጠይቀው ውሳኔ ለሚጠባበቁ ቤተሰቦችም ልዩ አስተያየት ይደረጋል። ገንዘቡ በየዓመቱ ለእያንዳንዱ ተማሪ የሚመደብ ሲሆን የሚገባው በወላጅ እጅ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ ነው። የጉዞውን ወጪ ሙሉ በሙሉ ላይሸፍን ይችላል፤ ሸክሙን ግን ያቀልላል። ማመልከቻው በትምህርት ዓመቱ መጀመሪያ ቢገባ ይመረጣል።

ከዚህም ሌላ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች መክፈል ላቃተው ቤተሰብ የሚረዱበት አሠራር እንዲኖራቸው ይጠበቃል። ቀስ በቀስ ለመክፈል መጠየቅ ነውር አይደለም። በእንግሊዝኛ መግለጽ የሚያስቸግረው ወላጅ የአማርኛ አስተርጓሚ እንዲጠራለት ይጠይቅ፤ ወላጅ አይከፍልበትም። ልጅን በገዛ ጉዳዩ አስተርጓሚ ማድረግ ግን አይገባም፤ ቀድሞውንም ወረቀቱን የደበቀው እሱ ነውና።

ከመፈረም በፊት የሚጠየቁ

ወላጅ ሳይጠይቅ እንቢ ከማለትም ሆነ ሳያነብ ከመፈረም የሚከተሉትን ቢጠይቅ ይበጀዋል።

አንደኛ፣ ልጆቹ የት ያድራሉ? የወንዶችና የሴቶች መኝታ እንዴት ተለይቷል? ሌሊት የሚጠብቃቸው ማን ነው?

ሁለተኛ፣ ምግቡ ምንድን ነው? ለሙስሊም ልጆች ሐላል፣ ነሐሴ 1 ቀን የሚገባውን ጾመ ፍልሰታ ለሚጾሙ ደግሞ የጾም ምግብ ይዘጋጃል? ይህ አስቀድሞ ከተነገራቸው ለአዘጋጆቹ ከባድ ነገር አይደለም።

ሦስተኛ፣ ለጀማሪ አስተማሪ አለው? በሸርተቴ የሚጎዳ ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ ጉልበቱን፣ በስኖውቦርድ የሚጎዳው ደግሞ የእጁን አንጓ ነው። በመጀመሪያው ቀን አወዳደቅንና አቋቋምን የሚያስተምር ሰው መኖሩ፣ የራስ ቁርና ለስኖውቦርድ የእጅ አንጓ መከላከያ መደረጉ ብዙ ጉዳት ያስቀራል።

አራተኛ፣ አደጋ ቢደርስ ማን ይከፍላል? በቪክቶሪያ የአምቡላንስ ሒሳብ በሜዲኬር አይሸፈንም። ሄልዝ ኬር ካርድ ያለው ሰው በድንገተኛ ሕመም አምቡላንስ ቢጠራ አይከፍልም። ካርድ የሌለው ቤተሰብ ግን ከጉዞው በፊት የአምቡላንስ ቪክቶሪያ ዓመታዊ አባል ቢሆን ከከባድ ዕዳ ይድናል።

አምስተኛ፣ ልብሱ ከየት ይመጣል? ውኃ የማያስገባው ካፖርት፣ ሱሪና ጫማ ይከራያል፤ መግዛት አያስፈልግም። ከውስጥ የሚለበሰው ሱፍ ወይም ቶሎ የሚደርቅ ጨርቅ ይሁን። ጋቢያችን ለቤት ግሩም ነው፤ በበረዶ ላይ ግን ጥጥ ጠላት ነው፤ ከራሰ አይደርቅም፣ ሙቀትም አይዝም። ጂንስም እንዲሁ። ልጅን የሚጎዳው ብርዱ ብቻ ሳይሆን ርጥበቱ ነው። ሹሩባ የተሠራች ልጅ የራስ ቁሩ በልኳ መሆኑን ቀድማ ትሞክረው፤ ሻሽ የምታስር ደግሞ ሳሳ ያለውን ትምረጥ። የፀሐይ መነጽርና የፀሐይ ቅባት ለጥቁር ቆዳም ያስፈልጋል፤ በረዶ ፀሐይን እንደ መስተዋት ይመልሳልና።

እኛው ብናዘጋጀውስ?

ትምህርት ቤቱ ጉዞ ከሌለው፣ ወይም ወላጅ ልጁን ለመጀመሪያ ጊዜ ከማኅበረሰቡ ጋር መላክ ከመረጠ፣ የወጣት ቡድኖቻችን ራሳቸው ሊያዘጋጁ ይችላሉ። ዋናው ነገር ከትንሹ መጀመር ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ጉዞ የአንድ ቀን ይሁን። ከዋርበርተን በላይ ያለው ዶና ቡዋንግ ተራራ ከፍታው 1,250 ሜትር ነው፤ ለሜልበርን ከሁሉ የቀረበ በረዶ የሚገኝበት ሲሆን መግቢያ አይከፈልበትም። እዚያ የበረዶ ሸርተቴ ትምህርት የለም፤ ልጆች በፕላስቲክ ሸርተቴ ይንሸራተታሉ፣ በረዶ ይወራወራሉ። በረዶው አንድ ሳምንት ኖሮ በሚቀጥለው ሊቀልጥ ስለሚችል ከመነሳት በፊት መጠየቅ ያሻል። ከሜሪስቪል በላይ ያለው ሌክ ማውንቴን ደግሞ የአገር አቋራጭ ሸርተቴ መንገዶችና የሕፃናት መንሸራተቻ አለው። በሚቀጥለው ዓመት፣ ልጆቹ ከለመዱ በኋላ፣ እውነተኛውን ቁልቁል ሸርተቴና ስኖውቦርድ ለመማር ወደ ባው ባው ወይም በመኪና ሦስት ሰዓት ገደማ ወደሚያስኬደው ቡለር መሄድ ይቻላል።

ወቅቱ በጁን ወር ሁለተኛ ሰኞ ከሚውለው የንጉሡ ልደት በዓል ሰሞን እስከ ኦክቶበር መጀመሪያ ነው። በትምህርት ቤት ዕረፍት ሰሞን ሕዝቡ ይበዛል፣ ዋጋውም ይወደዳል። "ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ" እንዲሉ፣ በፌብሩዋሪ ያልታሰበ ጉዞ በጁላይ አይሳካም። የቡድን ዋጋ የሚገኘውም ቀድሞ ለጠየቀ ነው።

ለገንዘቡ አያቶቻችን ያስተማሩን ዘዴ አለ፤ ዕቁብ። ዕጣ የማይወጣበት የልጆች ዕቁብ ከፌብሩዋሪ መጀመሪያ ቢጀመርና እያንዳንዱ ቤተሰብ በሳምንት አሥር ዶላር ቢያስቀምጥ፣ በሃያ ሳምንት ውስጥ በአንድ ልጅ ሁለት መቶ ዶላር ይሆናል። አንድ ጊዜ ሁለት መቶ ዶላር አምጡ ከማለት ይህ ይቀላል። ሰንሻይን ዌስትን የሚያስተዳድረው የብሪምባንክ ከተማ ምክር ቤትም ለማኅበረሰብ ቡድኖች የሚሰጠው የድጋፍ ገንዘብ ስላለ ማመልከት አይከፋም።

ሊዘነጉ የማይገባቸው ሦስት ነገሮች አሉ። ከልጆች ጋር የሚሄድ አዋቂ ሁሉ ከልጆች ጋር ለመሥራት የሚያስችለውን የፍተሻ ካርድ መያዝ አለበት፤ ለበጎ ፈቃደኛ ክፍያ የለውም። መኪናን በተመለከተ፣ በተራ መንጃ ፈቃድ የሚነዳው ሹፌሩን ጨምሮ እስከ አሥራ ሁለት መቀመጫ ያለው ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ የተራራ መንገድ የሚያውቅ ባለሙያ ሹፌር ያለው አውቶቡስ መከራየት ይገባል። በከተማ ታክሲ ሃያ ዓመት መንዳት በበረዶ ላይ መንዳትን አያስተምርም፤ በበረዶ ወቅት ወደ እነዚህ ተራሮች የሚወጣ መኪናም የጎማ ሰንሰለት መያዝ ይኖርበታል። ሦስተኛው የእያንዳንዱን ልጅ ሕመም፣ መድኃኒትና የወላጅ ስልክ የያዘ ወረቀት ነው። አስም ያለበት ልጅ መንፊያውን ሳይዝ አውቶቡስ አይሳፈር።

ስንቁን በተመለከተ እናቶች አያሳስባቸው። ዳቦ ቆሎ፣ ቆሎ፣ በፔርሙዝ የተሞላ የዝንጅብል ሻይ፣ ከተገኘም በሶ። በብርድ ቦታ እንደ በሶ የሚያበረታ ምግብ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው። ለአንድ ቤተሰብ የከበደው ጉዞ ለሃያ ቤተሰብ ይቀላል። ሥራው ግን የሚጀምረው ከአውቶቡሱም ከዕቁቡም በፊት፣ ዛሬ ማታ ነው። ወላጅ ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ "ከትምህርት ቤት የመጣ ወረቀት አለ ወይ?" ብሎ ይጠይቀው። ልጁ "የለም" ቢል አንድ ጊዜ ደግሞ ይጠይቀው። "ገንዘቡን ማሰብ የእኔ ፈንታ ነው፤ አንተ መሄድ ትፈልግ እንደሆነ ብቻ ንገረኝ" ይበለው። መልሱ እንቢታ ከሆነም ይሁን፤ ነገር ግን እንቢታው ከብርዱ የመጣ እንጂ ከወላጁ ኪስ የመጣ አይሁን።