ከመክፈቻ ንግግሩ በፊት

አዳማም ይሁን ሐዋሳ፣ የሆቴል አዳራሽ ሥልጠና አጀማመሩ አንድ ነው። ኃላፊው ከፊት፣ ባለሙያዎቹ ከመሃል፣ ከወረዳ የመጣችው ጀማሪ ሠራተኛ በሩ አጠገብ። ቀጥሎ «ራሳችንን እናስተዋውቅ» ይባላል፤ ስም፣ መሥሪያ ቤት፣ የሥራ መደብ። ሦስተኛው ሰው ጋ ሲደረስ የሚሰማ የለም፤ ሁሉም የራሱን ተራ እያሰበ ነው። ከዚያ «ኢነርጃይዘር!» ይባልና ጡረታ የተቃረበ የመምሪያ ኃላፊ እንደ ዶሮ ክንዱን ያራግባል። ይሳቃል። ሲቀመጡ ግን ቀኑን ሙሉ የሚናገሩት እነዚያው ሦስት አራት ሰዎች ናቸው።

እንደ አወያይ፣ አይስ ብሬከር የሚባለውን የመተዋወቂያ ጨዋታ በሳቁ አልመዝነውም። የምፈልገው፣ ዋናው ጉዳይ ሳይነሣ የእያንዳንዱ ሰው ድምፅ አንዴ እንዲሰማ ነው።

ለዚህ የማውቀው ጠንካራ ምሳሌ የመጣው ከቀዶ ሕክምና ክፍል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባስተዋወቀው የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ማረጋገጫ ዝርዝር መሠረት፣ ቢላዋ ቆዳ ሳይነካ የቡድኑ አባላት ሁሉ ስማቸውንና የሥራ ድርሻቸውን ይናገራሉ። ሥራውን የመሩት ሐኪም አቱል ጋዋንዴ፣ መጀመሪያ ላይ አፏን የከፈተች ነርስ በኋላ ስጋት ሲገባት ዝም የማለቷ ነገር ይቀንሳል ባይ ናቸው። ዝርዝሩ በስምንት ከተሞች ሆስፒታሎች ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲታተም፣ የሞት መጠኑ ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ ወርዶ ነበር። ለውጡ ሁሉ ስም በመናገር ብቻ የመጣ ነው አልልም፤ ዝርዝሩ ውስጥ አንቲባዮቲክም የፋሻ ቆጠራም አለ።

እኛ ዘንድ ደግሞ ዝምታ ጨዋነትም ነው። ታላቅ ባለበት ቀድሞ መናገር እንደ ድፍረት ይቆጠራል። ስለዚህ ጎን ለጎን የተቀመጡትን ሁለት ሁለት አድርጌ ጥቂት ደቂቃ አጫውታቸውና አንዱ ሌላውን እንዲያስተዋውቅ አደርጋለሁ። ስለ ራሱ ማውራት የሚያፍር ሰው ስለ ጎረቤቱ ሲሆን አንደበቱ ይፈታል። ጥያቄዬ «ስትመጣ ሳትጨርሰው የተውከው ሥራ ምንድን ነው?» የሚል ነው። አንድ ጊዜ አንድ ተቆጣጣሪ ተነሥቶ አጠገቡ የተቀመጠችውን የመድኃኒት መጋዘን ሠራተኛ ሲያስተዋውቅ፣ «ተተኪ ስላልተመደበላት የመጋዘኑን ቁልፍ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ መጥታለች» አለ። አዳራሹ ሳቀ፤ ወዲያው ደግሞ «እኛም ጋ እንደዚሁ ነው» የሚሉ እጆች ወጡ። ስለ ውክልና ያዘጋጀሁትን ስላይድ ሳልከፍት ውይይቱ ተጀመረ።

«የየት አገር ልጅ ነህ?»፣ «ትዳር? ልጆች?» የሚሉትን አልነካም፤ የሰው ቁስል የት እንዳለ አይታወቅም። እጅ ለእጅ የሚያያይዙ ጨዋታዎችንም የማይመቸው ብዙ ነው። «ሁለት እውነት፣ አንድ ውሸት» የሚሉት ጨዋታም አለ፤ ሽበት ያላቸውን ሰው ጉባኤ ፊት «ይዋሹ» ማለት ለእኔ አይሆንልኝም። ኃላፊው ተራው መጨረሻ ላይ ነው። ቀድሞ ከተናገረ ሌላው የእሱን ሐሳብ ይደግማል።

የሚቸግረው ጊዜ ማግኘቱ ነው። የመክፈቻ ንግግሩ ሲረዝም መጀመሪያ የምትቆረጠው የእኔ ሃያ ደቂቃ ናት። ስለዚህ አሁን አሁን አዘጋጆቹን ከንግግሩ በፊት እንዲያስገቡኝ እለምናለሁ። አብዛኞቹ «ክቡርነታቸው ስለሚቸኩሉ አይሆንም» ይሉኛል። ክቡርነታቸው ከዘገዩ ግን ተሰብሳቢው እጁን አጣጥፎ ከሚጠብቅ እኔ እጀምራለሁ። ደግነቱ፣ ብዙ ጊዜ ይዘገያሉ።