ያዝ ለቀቅ የማይል የፎቶ ዲስክ

ፎቶዎችን በሙዚቃ አጅቦ፣ አንዱን ቀስ እያሉ እያቀረቡ፣ ሌላውን ከጎን ወደ ጎን እያንሸራተቱ ዲቪዲ ላይ ማስቀመጥ ለሰርግ፣ ለምርቃትና ለሙት ዓመት የተለመደ ሥራ ነው። ኮምፒውተር ላይ ያማረው ስላይድ ግን ዲስክ ላይ ተጽፎ ሳሎን ባለው ቴሌቪዥን ሲከፈት ብዙ ጊዜ ጠባዩ ይለወጣል፤ እንቅስቃሴው ያዝ ለቀቅ ይላል፣ የቀሚሱ ጥለት ይርገበገባል፣ ፎቶው ወደ ጎን ሲሄድ ይንቀጠቀጣል። ባለ ጉዳዩ ዲስኩን ይጠረጥራል፤ ኤዲተሩ ማጫወቻው አርጅቷል ይላል፤ ሳይስማሙ ዲስኩ እንደገና ይጻፋል፣ ችግሩም እንደገና ይመጣል። ዲስክም ማጫወቻም ይበላሻሉ፤ የአብዛኛው ያዝ ለቀቅ ምንጭ ግን እንቅስቃሴው የተሠራበት የጊዜ ስሌት ነው። ቪዲዮ ካሜራ በሰከንድ 25 ወይም 30 ጊዜ ቀርጾ ስለሚያመጣ ኤዲተሩ ያንን ፍጥነት ተቀብሎ ከመሥራት ሌላ ምርጫ የለውም። ፎቶ ግን የራሱ ፍጥነት የለውም። እንቅስቃሴውን የሚፈጥርለት ኤዲተሩ ነው፤ ስለዚህ በፎቶ ስላይድ ላይ የሚታይ መንገጫገጭ ሁሉ ፎቶው ከተነሣ በኋላ የገባ ነው፣ እንዳይገባ መከልከልም ይቻላል።

ፎቶን ማንቀሳቀስ ከኮምፒውተር በፊት የነበረ ሙያ ነው። የካናዳ ብሔራዊ የፊልም ቦርድ እ.ኤ.አ. በ1957 ያወጣው «ሲቲ ኦፍ ጎልድ» የተባለ አጭር ዘጋቢ ፊልም በወርቅ ፍለጋው ዘመን ዶውሰን ሲቲ ውስጥ የተነሡ አሮጌ ፎቶዎችን በካሜራ እያሰሰ ታሪክ ይናገራል። አሜሪካዊው ኬን በርንስ እ.ኤ.አ. በ1990 ስለ አገሩ የእርስ በርስ ጦርነት በሠራው ተከታታይ ፊልም ስልቱን ለሰፊው ተመልካች አስተዋወቀ፤ አፕል ኩባንያም ይህንኑ እንቅስቃሴ አይሙቪ በተባለው ፕሮግራሙ ውስጥ ሲያስገባ በሰውየው ስም ሰየመው። በድሮው አሠራር ፎቶው ጠረጴዛ ላይ ይነጠፋል፣ ካሜራው ከላይ ይሰቀላል፣ በአንዱ ፍሬምና በሚቀጥለው መካከል ወይ ጠረጴዛው ወይ ካሜራው በሚሊሜትር ክፍልፋይ ይገፋል። ለእያንዳንዱ ፍሬም ስንት እንደሚገፋ ባለሙያው አስቀድሞ ያሰላ ነበር። ዛሬ ይህን ኮምፒውተሩ ስለሚሠራልን የተረሳ ይመስላል እንጂ ስሌቱ አልቀረም።

እስቲ እናስላው። አገራችን በምትጠቀምበት፣ ፓል በተባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት የዲቪዲ አንድ ፍሬም 720 በ576 ፒክስል ነው፤ በሰከንድ 25 ፍሬም ያልፋል። አንድ ፎቶ በ10 ሰከንድ ውስጥ 30 ፒክስል ብቻ ወደ ጎን እንዲንሸራተት ታዘዘ እንበል። 10 ሰከንድ 250 ፍሬም ስለሆነ ለአንዱ ፍሬም የሚደርሰው 0.12 ፒክስል ነው። ፕሮግራሙ የፒክስል ክፍልፋይ ማስላት የማይችል ከሆነ፣ ወይም ኤዲተሩ ጊዜ ለመቆጠብ ዝቅተኛውን የሬንደር ጥራት ከመረጠ፣ ይህ ቁጥር ወደ ሙሉ ፒክስል ይጠጋጋል። ያኔ ፎቶው ስምንት ፍሬም ያህል ተገትሮ ይቆምና በአንድ ጊዜ አንድ ፒክስል ይዘላል፤ በየሰከንዱ ሦስት ዝላይ ማለት ነው። ዝግ ያለ እንቅስቃሴ ለስላሳ ነው ብሎ የሚያምን ኤዲተር ፎቶው በተንቀጠቀጠ ቁጥር ፍጥነቱን ይበልጥ ይቀንሳል፤ ችግሩን ያባብሰዋል እንጂ አያቃልለውም። በሌላው ጫፍ ደግሞ የማያውን ስፋት በ2 ሰከንድ የሚያቋርጥ ፎቶ በየፍሬሙ 14.4 ፒክስል ስለሚረግጥ እርምጃው ለየብቻ ይታያል። የሲኒማ ካሜራ ባለሙያዎች አንድ ነገር ከማያው ጫፍ እስከ ጫፍ ለመሻገር ሰባት ሰከንድ ያህል ይውሰድ የሚል የቆየ ልማድ አላቸው፤ በፓል ሲሰላ በፍሬም 4 ፒክስል ገደማ ይሆናል፣ ለፎቶም ጥሩ መነሻ ነው። ማቅረብም የራሱ ወጥመድ አለው። ፎቶው በ10 ሰከንድ ከመቶ ወደ ሁለት መቶ ፐርሰንት በእኩል ጭማሪ ሲያድግ በመጀመሪያው ሰከንድ ከራሱ መጠን 10 ፐርሰንት ይጨምራል፣ በመጨረሻው ሰከንድ ግን 5 ፐርሰንት ገደማ ብቻ። ተመልካቹ ይህን የሚያየው ሮጦ ተነሥቶ እየደከመ እንደሄደ እንቅስቃሴ ነው። ጭማሪው በመጠን ሳይሆን በተመጣጣኝ ጥምርታ እንዲሆን የሚያደርግ ማስተካከያ ያለው ፕሮግራም ከሌለው ብዙ ይሻላል።

እስካሁን የተባለው ኮምፒውተር ላይም የሚታይ ነው። ዲስኩ ቴሌቪዥን ላይ ሲደርስ ብቻ ብቅ የሚለው ጥፋት ከሌላ ቦታ ይመጣል። የዲቪዲ ፍሬም ብዙውን ጊዜ ኢንተርሌስ በሚባለው ዘዴ ለሁለት ተከፍሎ ይላካል፤ መጀመሪያ አንዱ ግማሽ፣ ለምሳሌ የላይኛው የሚባሉት ጎደሎ ቁጥር ያላቸው መስመሮች፣ ከዚያ በሰከንድ አንድ ሃምሳኛ ልዩነት የታችኛው የሚባለው ሌላው ግማሽ። ስለዚህ በፓል በሰከንድ 25 ፍሬም ቢባልም ዓይን የሚያገኘው 50 የእንቅስቃሴ እርምጃ ነው። ኤዲተሩ ፎቶው ለእያንዳንዱ ግማሽ የት እንደሚሆን ለየብቻ ካሰላ እንቅስቃሴው እጥፍ ይለሰልሳል። ነገር ግን የግማሾቹ ተራ ከተምታታ፣ ማለትም ሥራው የታችኛውን ግማሽ አስቀድሞ ተሠርቶ ዲስኩ ላይ የላይኛው ይቅደም ተብሎ ከተጻፈ፣ 1፣ 2፣ 3፣ 4 መሆን የነበረበት 2፣ 1፣ 4፣ 3 ሆኖ ይወጣል። ፎቶው ወደፊት ተራምዶ ወደኋላ እየተመለሰ እስክስታ የሚወርድ ይመስላል። ኮምፒውተሩ ሁለቱን ግማሾች አንድ ላይ አድርጎ ስለሚያሳይ ኤዲተሩ ይህን ሳያይ ሊያልፍ ይችላል። መለያው ቀላል ነው፤ የቆሙት ፎቶዎች ደህና ሆነው የሚንቀሳቀሱት ብቻ ከተንቀጠቀጡ መጠርጠር ያለበት ተራው ነው። ያንን ቅንብር ሳያስተካክሉ ዲስኩን ደጋግሞ መጻፍ ባዶ ዲስክ ከማባከን አያልፍም።

የጥለቱ መርገብገብም የዚሁ ዘመድ ነው። በ4000 በ3000 ፒክስል የተነሣ ፎቶ 12 ሚሊዮን ነጥብ አለው፤ የዲቪዲው ፍሬም 414,720 ብቻ። ከ29 ነጥብ አንዱ ነው የሚተርፈው። የሐበሻ ቀሚስ ጥለት፣ የዓይን ሽፋሽፍት፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ሽንትር ወደዚህ ሲጠብ አንዳንዱ መስመር የአንድ ረድፍ ቁመት ብቻ ይቀረዋል፤ አንድ ረድፍ ደግሞ በአንዱ ግማሽ ውስጥ እንጂ በሌላው ስለማይኖር በሰከንድ 25 ጊዜ ይበራል፣ ይጠፋል። ፎቶው ሲንቀሳቀስ ከረድፍ ወደ ረድፍ ስለሚሻገር ይበልጥ ይርገበገባል። «ፎቶው በትልቁ ቢገባ ጥራት ይጨምራል» የሚለው እምነት እዚህ ላይ ይሰናከላል። በአራት ማዕዘኑ የድሮ ቴሌቪዥን ቅርጽ እስከ እጥፍ ለሚቀርብ ፎቶ 1536 በ1152 ፒክስል ይበቃል፤ ከዚያ በላይ የሆነውን በጥሩ የፎቶ ፕሮግራም አስቀድሞ ማሳነስና ከላይ ወደ ታች በጥቂቱ ማለስለስ ያስፈልጋል። የሾለ ፎቶ የለመደ ዓይን ማለስለሱ ቢከብደውም ቴሌቪዥን ላይ የሚያሸንፈው የለሰለሰው ነው።

በጣም የተለመደው መቃወሚያ «ጥራቱን፣ ማለትም በሰከንድ የሚጻፈውን ቢት፣ ከፍ አድርገው፣ ይስተካከላል» የሚለው ነው። መቃወሚያው መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ዲቪዲ የሚጠቀምበት ኤምፔግ-2 እያንዳንዱን ፍሬም ሙሉ በሙሉ አይጽፍም፤ አንዱን ሙሉ ጽፎ ለሚቀጥሉት ልዩነቱን ብቻ ይመዘግባል፣ በፓል ቢበዛ በየ15 ፍሬሙ ደግሞ እንደገና ሙሉ ይጽፋል። ከጎን ወደ ጎን መንሸራተት ይቀለዋል፣ «ይህ ክፍል በዚህ ያህል ተንቀሳቅሷል» ብሎ ያልፋልና። ማቅረብ ይከብደዋል፤ የፎቶው ክፍሎች ሁሉ ወደየአቅጣጫው ይሸሻሉ። ከሁሉ የሚከብደው አንዱ ፎቶ ደብዝዞ ሌላው ሲተካ ነው፤ የእያንዳንዱ ነጥብ ብርሃን በየፍሬሙ ይቀየራል፣ ኤምፔግ-2 ደግሞ «ያው ምስል ነው፣ ብቻ ደብዝዟል» የሚልበት ዘዴ የለውም። ቢቱ ካነሰ በዚያ ቅጽበት ምስሉ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ይሆናል፤ ጨለማ ውስጥ የተነሣና ነጠብጣብ የበዛበት ፎቶም በየግማሽ ሰከንዱ የሚተነፍስ ይመስላል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ግን ቦታ ጠፍቶ አይደለም። ባለ 4.7 ጊጋባይት ዲስክ በሰከንድ 8 ሜጋቢት የተጻፈ የአንድ ሰዓት ቪዲዮ ይይዛል፤ ቪዲዮው የሚወስደው 3.6 ጊጋባይት ነው። የ20 ደቂቃ ስላይድ የዚህን ሲሶ ያህል ነው። ኤዲተሩ ቦታ ተረፈኝ ብሎ እስከሚፈቀደው 9.8 ሜጋቢት ሲወጣ ደግሞ አዲስ ጥፋት ይጋብዛል። ቤት ውስጥ የተጻፈ ዲስክ ከፋብሪካ ከወጣው ያነሰ ብርሃን ይመልሳል፤ ማጫወቻው ሲስት ደግሞ ለማንበብ የሚጠቀምበት ትርፍ ጊዜ እጅግ ጠባብ ነው። እንቅስቃሴውን ያለሰልሳል የተባለው ቁጥር ራሱ ያቆራርጠዋል። 8 ይበቃል። የተዛባ የጊዜ ስሌት በ8ም በ9.8ም ያው የተዛባ ነው።

አሁን ወደ ባሕር ማዶው እንሂድ፣ የእኛን ሰርግ የሚያዩት እዚህ ያሉት ብቻ ስላልሆኑ። እስራኤል፣ አብዛኛው አውሮፓና የባሕረ ሰላጤው አገሮች እንደ እኛ የፓልን 25 ፍሬም ሲከተሉ አሜሪካ በኤንቲኤስሲ ትሠራለች፤ 720 በ480 ፒክስል፣ በሰከንድ 29.97 ፍሬም። አዲስ አበባ በፓል የተጻፈ ዲስክ ዋሽንግተን ያለች እህት ዘንድ ሲደርስ ብዙ የአሜሪካ ማጫወቻዎች አይቀበሉትም። ያን ጊዜ የተለመደው መፍትሔ ዲስኩን «ኮንቨርት» ማድረግ ነው፤ ቀላሉ ፕሮግራም ደግሞ 25ን 30 ለማድረስ ከየአምስቱ ፍሬም አንዱን ይደግማል። እንቅስቃሴው በየሰከንዱ አምስት ጊዜ ይሰናከላል። ሰርጉ በቪዲዮ የተቀረጸ ቢሆን ይህን በተሻለ ቅየራ ከማቃለል ሌላ መንገድ አይኖርም ነበር። ለፎቶ ግን ቅየራ ጨርሶ አያስፈልግም፤ ያንኑ ፕሮጀክት ከፍቶ በኤንቲኤስሲ እንደገና ሬንደር ማድረግ በቂ ነው፣ እያንዳንዱ እርምጃ ለአዲሱ ፍጥነት ከሥሩ ይሰላልና። አንድ ዲስክ ብቻ ለሁሉም ይብቃ ከተባለ የሚመረጠው ኤንቲኤስሲ ነው። የፓል አገር ማጫወቻዎች በአብዛኛው እሱንም ያነባሉ፣ የአሜሪካዎቹ ግን ፓልን በብዛት አያነቡም። 96 ረድፍ መጥፋቱ ያስቆጫል፤ ጨርሶ ካለመታየት ግን ይሻላል።

«ዲቪዲን ማን ያያል? ሁሉም በፍላሽና በስልክ ሆኗል» የሚል አንባቢ አይጠፋም። እውነት አለው፤ ኢንተርሌስና የግማሾቹ ተራ ለፍላሽ ፋይል ጭንቀት መሆናቸው ቀርቷል። የስሌቱ ጣጣ ግን አልቀረም። ብዙ ስልኮችና የኮምፒውተር ማያዎች ምስላቸውን በሰከንድ 60 ጊዜ ያድሳሉ። 60 ለ25 ሲካፈል 2.4 ነው፤ ማያው አንዱን ፍሬም ሁለት ጊዜ፣ ሌላውን ሦስት ጊዜ እያሳየ አምስት ፍሬሞችን በአሥራ ሁለት እድሳት ያዳርሳል። እኩል ርቀት የሚራመደው ፎቶ እኩል ላልሆነ ጊዜ ይቆማል። በቴሌግራም የሚላከው ስላይድ ለዚያ በ30 ወይም በ60 ፍሬም ቢሠራ ኖሮ አይንገጫገጭም ነበር። ለዲቪዲው በ25 ከተሠራው ላይ ቀድቶ መላክ ልማድ የሆነው እንደ ቪዲዮ ስለሚታሰብ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ፎቶ ለምን ይንቀሳቀሳል፣ ዝም ብሎ ይታይ ይላል። ለሙት ዓመት ዲስክ በተለይ እስማማለሁ፤ የሟችን ፊት በየአቅጣጫው ማሽከርከር ብዙ ጊዜ ከአክብሮት ይልቅ የፕሮግራሙን ችሎታ ማሳያ ይሆናል። ሃምሳ ሰው በአንድ ፎቶ ላይ በቆመበት የቤተሰብ ስብስብ ግን ካሜራው ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው እያለፈ ካላሳየ 720 ፒክስል ውስጥ ማንም ማንን አይለይም።

የፎቶ ዲስክ ለማሠራት የምትሄዱ ሁሉ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ዲስኩ የት አገር፣ በምን ላይ እንደሚታይ ለኤዲተሩ ንገሩት። የመጀመሪያው ቅጂ ከኮምፒውተሩ ውጭ፣ በእውነተኛ ማጫወቻና ቴሌቪዥን ይሞከር በሉት። ስትረከቡ ደግሞ ዲስኩን ብቻ ይዛችሁ አትውጡ፤ የፕሮጀክቱን ፋይል ከነፎቶዎቹና ከነሙዚቃው በፍላሽ ጠይቁ። ዲስኩ በ25 ፍሬም ተቆልፏል፣ ፕሮጀክቱ ግን ለማንኛውም ማያ እንደገና ሊሠራ ይችላል።